ስለ ሦስተኛው ሙከራና ከአቶ ቨርጂል ፕሩት ስለተወሰደው ሰደርያ

ለተከበሩ ዶክተር ግሌን ሃቨርካምፕ
የሆልክሪጅ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ዋና ኃላፊ
ሆልክሪጅ፣ ኢንዲያና

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና በግንቦት ወር ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ጉልበትዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። ከአዲሱ ቢሮዎ መስኮት የኳስ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል ሲሉ ስለሰማሁ፣ ለዓይንዎ ደግሞ ለብቻው ጤና መመኘት ተገቢ መስሎኝ እነሆ ተመኝቻለሁ። የእኔን ጤና ለማወቅ ቢፈልጉ፣ በነሐሴ ሰማንያ አራት ዓመቴን ደፍኛለሁ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ድረስ ያለ ከዘራ እወጣለሁ፤ የድንጋይ ጠራቢዎች ቡድናችንን ከ1962 ጀምሮ በሜዳችን ሲጫወት ሳይ ሁለት ጨዋታ ብቻ አምልጦኛል። አንዱ እናቴ የተቀበረችበት ቅዳሜ ነው፤ ሌላው በረዶ መንገዱን የዘጋበት ነው። ለሁለቱም በወቅቱ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የማወጣው፣ በዚህ ዓመት በፖስታ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች «ለማያቋርጥ ድጋፍዎ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት ካርድ ስላመጡልኝ ነው። በካርዱ ላይ ፊርማዎ ታትሟል። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ሂሳብ ያስተማርኩዎ እኔ ስለሆንሁ ጽሕፈትዎን አውቀዋለሁ፤ እጅግ ተሻሽሏል። አስተማሪዎ እንደነበርሁ የማነሳው ለመመጻደቅ አይደለም። ከዚህ በታች በሚነሳው ጉዳይ እኔም ከፊል ኃላፊነት ሊኖርብኝ እንደሚችል ለማመን ነው።

ጉዳዬ በአጭሩ ይህ ነው። የጨዋታው ወቅት እኩሌታ ላይ ደርሷል። ከአምስት ጨዋታ ሁለቱን አሸንፈናል፤ ከሁለቱ አንዱን ያሸነፍነው የተጋጣሚያችን አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ግማሾቹ ተጫዋቾች ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ ስለደረሱ ነው። በአምስተኛው ጨዋታ ተሸንፈን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ጥፋቱን በሙሉ በአቶ ቨርጂል ፕሩት ላይ ደፍድፎ ከቦታቸው አንስቷቸዋል። እኔ ደግሞ አቶ ቨርጂል የፊታችን ቅዳሜ ጥቅምት 26፣ የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት በሚመጡበት ጨዋታ ላይ፣ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ነገር ግን አስተማሪዎቼ ነገርን ከሥሩ ጀምሮ በተራ ማስቀመጥን በማስመሪያ ጭምር ስላስተማሩኝ፣ ቅሬታዎቼን ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ኳስ በእጅ ታቅፎ በሚሮጥበት በዚህ የአሜሪካ እግር ኳስ አንድ ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። አሥሩን ከሄደ ሌላ አራት ይሰጠዋል፤ ካልሄደ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ይህን እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ የጻፍሁት ምናልባት አሰልጣኝ ቴት ጋዜጣውን ያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው። በአምስቱ ጨዋታዎች ቡድናችን ስልሳ ስምንት ጊዜ የመጀመሪያ ሙከራ አግኝቷል። ከስልሳ ስምንቱ በአምሳ አንዱ ኳሱ ለቁጥር 34 ተሰጥቶ፣ ልጁ ቀጥ ብሎ በመሀል ሮጧል። በመሀል በኩል የተጋጣሚው አራት ግዙፍ ሰዎች ይቆማሉ። በመስከረም እነዚህ ሰዎች ልጁ በየት በኩል እንደሚመጣ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን በስሙ እየጠሩ ነው የሚቀበሉት። ከጎኔ የምትቀመጠው ወይዘሮ ቬልዳ ኖልቲንግ ወደ ስታዲየም የምትመጣው ፀሐይ ለመሞቅ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ሹራቧን እየሠራች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «መሀል ለመሀል!» ስትል ሰማኋት። ቀና ስትል ልጁ ከሰዎቹ ሥር ተኝቶ ነበር። «እኔን አሰልጣኝ ቢያደርጉኝ ምን ይላቸዋል?» አለችኝ።

አሰልጣኝ ቴት በሬዲዮ «ዓላማችን ተጋጣሚን ማድከም ነው» ብለዋል። ዓላማቸው በከፊል መሳካቱን ልመሰክርላቸው እወዳለሁ፤ በጣም የደከመ አንድ ሰው አለ፤ እናቱ በስምንተኛው ረድፍ ትቀመጣለች።

ሁለተኛ። ጥቁር ግራጫ ቁጥር በጥቁር መለያ ላይ ማተም የቁጠባ ሐሳብ ከሆነ፣ ቁጥሩን ጨርሶ መተው ይበልጥ ይቆጥብ ነበር። ከላይ የጠቀስሁት ልጅ ቁጥር 34 መሆኑን ያወቅሁት ከሚወድቅበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ። ኳሱ በእኛ እጅ ሲሆን ተመልካች ዝም እንደሚል፣ በተጋጣሚ እጅ ሲሆን ደግሞ እንደሚጮህ በዚህ ከተማ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዝም የሚባለው ልጆቻችን የኳስ ወርዋሪውን ጥሪ እንዲሰሙ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ዓመት በድምፅ ማጉያው አጠገብ ያስተከለው ጥሩምባ ግን ወገን አይለይም። ድሮ በድንጋይ ካባው ድማሚት ሊፈነዳ ሲል ይነፋ የነበረውን ጥሩምባ ከሙዚየም አውጥቶ ለደስታ ማሰማት ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ የካባ ሠራተኛ ልጅ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ የካባ ሰዎች እርሱ በተነፋ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ከአግዳሚው ሥር ይጎነበሳሉ። በሁለተኛው ጨዋታ የገዛ ልጆቻችን በድንጋጤ ሦስት ጊዜ ከጊዜው ቀድመው ተነሥተው፣ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ያርድ ተቀጡ። አሥራ አምስት ያርድ ማለት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይቸገር ማባዛቱን እኔ ሠርቼዋለሁ።

አራተኛ። ለዚህኛው ከልብ አዝናለሁና በረጅሙ ይታገሡኝ።

አቶ ቨርጂል ፕሩት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ በካባው የድንጋይ መጋዝ ላይ ሠርተዋል። ላለፉት ሠላሳ ሰባት ዓመታት ደግሞ በሜዳችን በተደረገው ጨዋታ ሁሉ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ፣ ባለቁጥሩን ዘንግ ይዘው በመስመሩ ዳር ቆመዋል። መንትዮቹ የስታፈር ወንድማማቾች አሥር ያርዱ የሚለካበትን ሰንሰለት ከወዲህና ከወዲያ ይይዛሉ፤ የአቶ ቨርጂል ዘንግ ደግሞ በጫፉ ላይ ባለው ቁጥር ስንተኛው ሙከራ ላይ እንዳለን ለተጫዋቹም፣ ለአሰልጣኙም፣ ሾርባ ይዞ ለመጣው ተመልካችም ይናገራል። ሦስቱም ብርቱካናማ ሰደርያ ይለብሳሉ።

የሰንሰለት ሰው በከተማችን ወግ አለው። የሚቆመው ከእኛ ቡድን ጎን ሳይሆን ከተጋጣሚው ጎን ነው። አያጨበጭብም፤ አይጮህም፤ ዳኛን በአደባባይ አይቃወምም፤ በመስመሩ ላይ የሰማውንም ለማንም አያወራም። የአቶ ቨርጂል ልጅ ለጠራቢዎች በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ሁሉ አባትየው እዚያው ቆመዋል። ልጁ በታርቨር ኮሌጅ ላይ ሰማንያ ያርድ ሮጦ ኳሱን ከመስመሩ ሲያሻግር ሁለት ሺህ ሰው ብድግ አለ፤ አባትየው በታርቨሮች መካከል ዘንጋቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባለቤታቸው በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ አጨበጨቡ። ሁለት ጊዜ።

ጥቅምት 12 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያው ታርቨር 17 ለ 16 እየመራን፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኳሱ በእጃችን ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ያርድ አስገኘ፤ መሀል ለመሀል። በሁለተኛው ላይ ታርቨሮች ጥፋት ሠሩ፤ አምስት ያርድ ተቀጡና ሁለተኛው ሙከራ እንዲደገም ተወሰነ። የተደገመው ሙከራ ሁለት ያርድ አስገኘ። ሁለት፣ አምስትና ሁለት ዘጠኝ ነው። የቀረን አንድ ያርድ ነበር፤ ያንን አንድ ያርድ የምንሄድባቸው ደግሞ ሁለት ሙከራዎች ነበሩን፤ ሦስተኛውና አራተኛው። አንድ ያርድ፣ ክቡርነትዎ፣ የኩሽና ጠረጴዛዬ ወርድ ነው።

ዘንጉ ግን አራት አሳየ።

አሰልጣኝ ቴት ዘንጉን አዩ። ስድስቱ ረዳቶቻቸውም አዩ፤ ከስድስቱ አንዱ ሥራው ሙከራ መቁጠር ነው ይባላል። የመጨረሻው ዕድላችን መስሏቸው፣ ሦስት ነጥብ አግኝተን እንድናሸንፍ፣ ኳሱን በእግሩ መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል እንዲያሳልፍ መቺውን ልጅ ላኩ። ርቀቱ አርባ ስድስት ያርድ ነበር። ልጁ በሕይወቱ መትቶ ያስገባው ትልቁ ርቀት ሠላሳ ሦስት ነው። ኳሱ ተነሥቶ ወደ ሙዚቃ ባንዱ ዞረና የትሮምቦን ነፊዋን ባርኔጣ ይዞ ወረደ። ተሸነፍን።

ራሴን ነጻ አላደርግም። በዚያች ደቂቃ ከቴርሞሴ ሾርባ እየቀዳሁ ነበር። ቀና ስል ዘንጉ አራት ይላል፤ አመንሁት። ለሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አሳስቶኝ ስለማያውቅ አመንሁት። ኩባያዬን አስቀምጬ በጣቴ ብቆጥር ኖሮ ተነሥቼ እጮህ ነበር፤ ድምፄ እስከ መስመሩ እንደሚደርስ እርስዎ ያውቃሉ። አልቆጠርሁም፤ ጥፋቴ ነው። በሜዳው ከነበረው ሁሉ ጥፋቱን በጽሑፍ ያመነው እስካሁን እኔ ብቻ መሆኔ ግን ያስገርመኛል።

ሰኞ ዕለት ጽሕፈት ቤትዎ መግለጫ አወጣ። «የጨዋታውን ፊልም በጥንቃቄ መርምረን ስህተቱ የዘንግ ያዡ መሆኑን አረጋግጠናል» ይላል። ማክሰኞ አንድ ሠራተኛዎ ወደ አቶ ቨርጂል ቤት መጥቶ ሰደርያውን ተቀበላቸው። አጥፈው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በዋናው መንገድ አይሄዱም፤ በጓሮው በኩል ዞረው ነው ፖስታ ቤት የሚደርሱት። ረቡዕ ዕለት ሥጋ ቤት ገብተው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ፣ «ቨርጂል፣ እስቲ ይህን ቋሊማ ቁጠርልኝ፤ ሦስት ነው አራት?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ ሙሉ አሽካካ። አቶ ቨርጂልም አብረው ፈገግ አሉና ምንም ሳይገዙ ወጡ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የተገነባ ስም በአንድ መግለጫ እንዲህ ይፈርሳል። ለፈጣን አሠራርዎ ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ ለስታዲየሙ የሴቶች መጸዳጃ በር ሦስት ዓመት ነው የጠበቅነው።

ጎረቤቴ ስለሆኑ በአጥሩ በኩል ጠየቅኋቸው። ቅጠል እየጠረጉ ነበር።

«ቨርጂል፣ ያን ቀን ምን ነካህ?»

«ዘንጉ በእኔ እጅ ነበር፣ ሚስ ስትራውዘር።»

«በማን እጅ እንደነበረ መች ጠየቅሁህ?»

«ዛሬ ነፋሱ አስቸገረ፤ ቅጠሉ አልሰበሰብ ብሎኛል» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። እርሳቸውን ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ሳውቃቸው ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ ስላልነበረን ወደ ታርቨር ከተማ ሄድሁ። እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በመኸር ወራት ፐርሲመን ከሚባል ፍሬ የሚጋገር የፑዲንግ ጣፋጭ ውድድር ያደርጋል፤ ከዳኞቹ አንዷ ከሆንሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሦስተኛውን ፑዲንግ እየቀመስሁ ሳለ ሆሜር ሊንክ የሚባል ሰው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። የታርቨርን ቡድን ውሃና ፎጣ የሚይዘው እርሱ ስለሆነ፣ እኛ ሜዳ ሲመጡ ከአቶ ቨርጂል ጎን ይቆማል።

«ሚስ ስትራውዘር! ቨርጂልን አባረራችሁት የሚባለው እውነት ነው?»

«እኔ ማንንም አላባረርሁም።»

«ኧረ ወዲያ! ያን ቀን እኮ ሜዳው ውስጥ መቁጠር የቻለ እሱ ብቻ ነበር!»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። እርሱ ቀጠለ፦

«የመስመር ዳኛው ለአራተኛ ሙከራ ምልክት ጡጫውን ጨብጦ ‘አራት’ አለው። ቨርጂል ‘ጌታዬ፣ ሦስት ነው፤ የተደገመው አይቆጠርም’ አለ። ‘አራት ነው አልኩህ!’ አለው። ቨርጂል ደግሞ እንዲህ ሦስት ጣቱን ፊቱ ላይ አወጣለትና ‘ሦስት ነው፣ ጌታዬ’ አለ። ሁለት ጊዜ! ዳኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‘ሰውዬ፣ አንተ እንጨትህን ያዝ፤ ቁጥሩን ለእኔ ተው።’ ታዲያ ምን ያድርግ? ቁጥሩን ወደ አራት አዞረው።»

«እናንተስ ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«እኛማ! አሰልጣኛችን ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ፣ ስልሳ ሰው ለጸሎት የቆመ ይመስል ጸጥ! እኔ ሳቄን ፎጣ ነክሼ ነው የያዝኩት።» ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «ግን እውነቱን ልንገርዎት? አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ደስ አላለኝም። ሃያ ዓመት አጠገቤ የቆመ ሰው ነው። እናንተ ካልፈለጋችሁት እኛ ጋ ይምጣ፤ ሰደርያ አናጣለትም።»

ለዚያ ለሦስተኛው ፑዲንግ ከሚገባው በላይ ነጥብ ሰጥቻለሁ። አእምሮዬ ሌላ ቦታ ነበር፤ አራተኛውን የሠራችውን ሴት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተከበሩ ሆይ፣ የጨዋታው ሕግ በዚህ ላይ አያሻማም። ዘንጉን የሚይዘው የሰንሰለት ሰው ነው፤ ቁጥሩን የሚያዘው ግን የመስመር ዳኛው ነው። ከዳኛው ጋር ጠብ የለኝም፤ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ሾርባ እየቀዳሁ ተሳስቻለሁ። ጠቤ ከዚያ በኋላ ከተሠራው ሥራ ጋር ነው። ለሊጉ አቤቱታ ቢጻፍ ዳኞቹ ሊቀየሙን ነው። «አሰልጣኛችን ከነስድስት ረዳቶቻቸው እስከ አራት መቁጠር ተሳናቸው» ብሎ መጻፍም ለሚጽፈው ይከብዳል፤ አሰልጣኙን የቀጠሩት እርስዎ ነዎትና። ስለዚህ ደመወዝ የማይቀበል፣ ጠበቃ የሌለው፣ በወጉ ምክንያትም አፉን የማይከፍት አንድ ሰው ተፈለገና ተገኘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አመራረጥዎን አደንቃለሁ፤ በከተማው ሁሉ ቢዞሩ ከአቶ ቨርጂል የተሻለ ዝም የሚል ሰው አያገኙም ነበር።

መግለጫዎ ፊልሙን በጥንቃቄ መርምረናል ይላል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ጣት ግን ያሳያል። ሆሜር ሊንክ ያየውን ሦስት ጣት የእርስዎ ካሜራ ከማማው ላይ ሆኖ ሊያጣው አይችልም። እንግዲህ ወይ ፊልሙን ሳያዩ አይተናል ብለዋል፤ ወይ አይተውት ሦስት ጣት አራት ሆኖ ታይቶዎታል፤ ወይም ደግሞ ሦስት መሆኑን አይተው ነው የፈረሙት። ሁለተኛው ይሁን ብዬ እጸልያለሁ፤ እርሱ በመነጽር ይድናል።

አምስተኛ የለም። በዚህ ጨዋታ አምስተኛ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ሰሞኑን የደረሰኝን ደብዳቤ ላንሣ። አቶ ቨርጂል ሰደርያቸውን ባስረከቡ ማግስት የስታፈር መንትዮች ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደው የራሳቸውን ሰደርያ በፀሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንደኛው «ይኸው» አለ። ሁለተኛው «የእኔም» አለ። ፀሐፊዎ ምን ሆናችሁ ብትላቸው፣ አንደኛው ጥቂት አስቦ «ቨርጂል ከሌለ ለማን ነው የምንለካው?» አላት፤ ለስታፈሮች ይህ የዓመት ንግግር ነው። በዚህ ምክንያት ሐሙስ ዕለት ጽሕፈት ቤትዎ ለነባር ደጋፊዎች ሁሉ፣ ለእኔም ጭምር፣ «ፈጣን እግርና ብሩህ መንፈስ ያላቸው» ሦስት በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤና የበጎ ፈቃደኛው ስም የሚሞላበት ቅጽ ላከ፤ ቅጹም እስከ ማክሰኞ ቀትር እንዲመለስ አዘዘ። መቁጠር መቻል ከመመዘኛዎቹ መካከል የለም።

እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ከጸሎት በኋላ፣ ሰው ገና ካፖርቱን ሳይደርብ፣ ሆሜር ሊንክ የነገረኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቆምሁበት ተናገርሁ። አቶ ቨርጂል ከኋላ ተቀምጠው ነበርና ሲሰሙ ጆሯቸው ደም መሰለ፤ ሳልጨርስ በጎን በር ወጡ። ከዚያ ባለ ሥጋ ቤቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እርሳስ ያለው ሰው አለ?» አለ።

ፀሐፊዎ ቅን ሴት ናት፤ ስጠይቃት አልደበቀችኝም። እስከ ማክሰኞ ቀትር አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ቅጾች ደርሰዋችኋል። ከነዚህ በአንድ መቶ አሥራ ዘጠኙ ላይ የተጻፈው ስም ቨርጂል ፕሩት ነው። ወይዘሮ ቬልዳ ስሙን በስህተት ፊደል ጽፋው ነበር፤ አሳርሜያታለሁ። የቁጥር 34 እናትም ሞልታለች። ከቅጾቹ አንዱ የታርቨር የፖስታ ማኅተም አለበት ስላለችኝ፣ ከሆሜር ሊንክ መሆኑን እገምታለሁ፤ ከውጭ የመጣ ቅጽ ተቀባይነት የለውም ካላችሁ አንድ መቶ አሥራ ስምንት በሉት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሰደርያውን እርስዎ ራስዎ፣ በእጅዎ፣ በሠራተኛ ሳይሆን፣ ለአቶ ቨርጂል ይመልሱላቸው። ከዚያም የመጀመሪያው መግለጫ በወጣበት ቦታና በዚያው ፊደል ልክ «ተሳስተናል» የሚል መግለጫ ያውጡ። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንዲጨምሩበት አላስገድድም፤ አንድ ሰው ያላጠናውን ትምህርት አይጠየቅም። ስታፈሮች ሁለተኛ ንግግር ሳያስፈልጋቸው አብረው ይመለሳሉ። ያለ ሰንሰለት ሰዎች ዳኛ ጨዋታ አያስጀምርም፤ በዚህ ከተማ ደግሞ እነዚያን ሰደርያዎች የሚለብስ ሌላ ሰው የለም። ቆጥሬያለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ስድሳ ሁለት ዓመት ሲሸነፍ እያየሁ ስድሳ ሁለት ዓመት የወደድሁትን ቡድን በእርስዎ አደራ ሥር ትቼ እየፈረምሁ፣ ለሚቀጥሉት አምስት ጨዋታዎች ለአሰልጣኝ ቴት ማስተዋልን፣ ለረዳቶቻቸው አሥር ጣትን፣ ለእርስዎም የቀና ልብን እየተመኘሁ፣ እጅግ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ኦገስታ ስትራውዘር
ጡረተኛ የሂሳብ አስተማሪ
አሥራ ሁለተኛ ረድፍ፣ ሰባተኛ መቀመጫ

ተጨማሪ፦ አቶ ቨርጂል ይህን ደብዳቤ እንዳላወጣው ለምነውኛል። «የሰንሰለት ሰው አይከራከርም» አሉኝ። እኔ የሰንሰለት ሰው አይደለሁም። እርስዎ ሰደርያውን ይዘው ሲሄዱ ንግግር እንዳያደርጉ፣ ፎቶ አንሺም እንዳያስከትሉ አደራ እላለሁ፤ ያንኳኩ፣ ይስጡ፣ ይመለሱ። ሠራተኛዎ ሲወስደው ታጥቦና ተተኩሶ ነበርና እንዲሁ ሆኖ ይመለስ። መተኮስ የማይችሉ እንደሆነ ካውያ እኔ ቤት አለ፤ ከአጠገብዎ ቆሜ አሳይዎታለሁ፤ እስኪያውቁትም ድረስ አልቀመጥም።